የፈንታሁን የአራስ እንጨት

ፈንታሁን የቆመ ዛፍ ያውቃል። ይህን ማንም አይነፍገውም። በአንድ መሥሪያ ቤት የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ሆኖ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ የዋንዛውን፣ የኮሶውን፣ የወይራውን ስም በአማርኛም በፈረንጅኛም ይዘረዝርልሃል፤ ገበሬ ሰብስቦ ስለ ችግኝ ሲያስረዳማ አፉ ማር ነው። የተቆረጠ እንጨት ግን አያውቅም። ከእናቱ ቤት ወጥቶ ኮሌጅ ገባ፣ ከኮሌጅ ወጥቶ ንፋስ መውጫ ተመደበ፤ ማገዶ ማለት ለሱ ሌላ ሰው አምጥቶ ምድጃ ሥር የሚከተው ነገር ነበር። አለማወቅ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የማያውቁትን አውቃለሁ ብሎ ከአማት ጋር መወራረድ ነው። እሱ ደግሞ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ነው። ሚስቱ ልደት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ቀኗ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይውላል ተብሏል። እናቷ እሜቴ ፈትለወርቅ ልጃቸውን ሊያዩ ከስማዳ፣ ከወገዳ መጡ። ምሳ በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ የታጠቡበት ውሃ ሳይደርቅ ፍርዳቸውን ሰጡ።

«የበኩር ልጅ አራስነት በእናት ቤት ነው» አሉ። «ሰኔ ሚካኤል መጥቼ እወስዳታለሁ። እስከ ክርስትናው እኔ ጋ ትሆናለች።»

ፈንታሁን ክው አለ። የወገዳን መንገድ ያውቀዋል። ጤነኛ ሰው እንኳ በዚያ መንገድ ሲሄድ ኩላሊቱ ቦታ ይለውጣል፤ ስምንት ወር የገባች ሴትማ ምን ልትሆን ነው። ሆስፒታሉ ያለው እዚህ ነው፤ ከቤቱ በባጃጅ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ከሁሉም በላይ ግን፣ ይህን ለማንም አይናገረውም እንጂ፣ ያለ ልደት አንድ ሳምንት መክረም አይችልም። ካልሲው የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት። ሳቋን ሳይሰማ የዋለ ቀን ራሱን ያመዋል።

ልደትም መሄዱን አልፈለገችውም። ጓዳ ጠርታው በሹክሹክታ፣ «እኔ እናቴን እምቢ ብዬ አላውቅም፤ አሁንም አልልም» አለችው። «አንተ ግን ምክንያት ፈልገህ አሸንፋት። በዚያ መንገድ ሆዴን ይዤ መሄድ እፈራለሁ።»

ፈንታሁን ወደ ሳሎን ተመልሶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «እሜቴ፣ እዚህ ምን ይጎድላታል ብለው ነው?» አለ።

«እንጨት» አሉ እሜቴ ፈትለወርቅ፣ ሳያስቡ። «የአራስ ቤት እሳት ቀንም ሌትም አይጠፋም። ክረምቱ ደግሞ የጋይንት ክረምት ነው። ጭስ የሌለው ደረቅ እንጨት ይፈልጋል፤ ጭስ የሕፃን ዓይን ጠላት ነው። እኔ የዘንድሮውን ክረምት እንጨት ፈልጬ ቆጥ ላይ የሰቀልኩት ጥቅምት ላይ ነው። የአንተ የት አለ?»

ፈንታሁን በመስኮት ወደ ግቢው አየ። ግቢው ውስጥ አንድ መጥረጊያና አንዲት ዶሮ ነበሩ።

«አደርቃለሁ» አለ። «እስከ ሰኔ ሚካኤል አንድ ጭነት እንጨት አደርቃለሁ። ከጨሰ ይውሰዷት። ካልጨሰ ግን እዚሁ ትሆናለች።»

«አንቱ ካሉማ እሺ» አሉት። እሜቴ ፈትለወርቅ አማቻቸውን አንቱ የሚሉት ሊያሾፉበት ሲፈልጉ ብቻ ነው።

በማግስቱ ፈንታሁን ከእንጨት ነጋዴው ከጥጋቡ አንድ ጋሪ ባህር ዛፍ ገዛ። እርጥብ ነው፤ ከሦስት ቀን በፊት የተቆረጠ፣ ቅርፊቱ ገና ሲነኩት የሚያጣብቅ። ጥጋቡ ቀና ሰው ስለሆነ እያራገፈ መከረው። «ጋሼ፣ ላጠው፤ ፍለጠው፤ ከዚያ ነፋስ እንዲገባበት አራርቀህ አቁመው። ነፋስ ነው የሚያደርቀው።» ፈንታሁን እሺ አለ፤ በሆዱ ግን ሳቀ። እሱ ስለ እርጥበት ለሁለት መቶ ገበሬ ሥልጠና የሰጠ ሰው ነው። ፀሐይ ሙቀት ነው፤ ሙቀት ያደርቃል፤ እንግዲህ ጥበቡ ሙቀቱ እንዳያመልጥ መሸፈን ነው። ግንዶቹን ሳይልጥ ሳይፈልጥ እጅብ አድርጎ ከመራቸውና ዙሪያቸውን በወፍራም ላስቲክ ጠቀለላቸው። ጠርዙን በድንጋይ ተጫነው። ነፋስ ቀርቶ ጉንዳን እንዳይገባ አድርጎ አሸገው።

ጎረቤቱ መምሬ ባንተአምላክ ከአጥራቸው ማዶ ሆነው ይህን ሁሉ አዩ።

«ልጄ» አሉት፣ «ምነው እንጨቱን ገነዝከው?»

«ሙቀት ይዤ ነው መምሬ። ሳይንስ ነው።»

«እንጨት እኮ መተንፈስ ይፈልጋል።»

«የተቆረጠ ነገር አይተነፍስም መምሬ።»

መምሬ ባንተአምላክ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ውዳሴ ማርያማቸው ተመለሱ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ። ፈንታሁን በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ መዳፉን ላስቲኩ ላይ ያሳርፋል፤ ይሞቃል። ወደ ልደት ዞሮ «እየበሰለ ነው» ይላታል። እሷም እውነት መስሏት ደስ ይላታል።

በአራተኛው ሳምንት ላስቲኩን ገለጠው። ከውስጥ የወጣው ሽታ የእርጥብ በግ ነው። የላስቲኩ ሆድ በውሃ ጤዛ ተንቆጥቁጧል። ከታች ባሉት ግንዶች ላይ ነጫጭ እንጉዳይ በቅሏል፤ ዶሮዋ በየት በኩል እንደገባች እግዜር ይወቅ፣ መሐል ላይ አራት እንቁላል ጥላለች። ይህም ይሁን። የከፋው ከላይ ያሉት ግንዶች ነገር ነበር። ቆጠራቸው፤ አሥራ አንዱ አቆጥቁጠዋል። ለምለም፣ ወዛም፣ ቀይ ዳር ያለው ቅጠል አውጥተዋል።

መምሬ ባንተአምላክ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ምላሳቸው አንዳንድ ጊዜ ከጥምጣማቸው ይቀድማል። «አይ ልጄ» አሉ። «አጸደቅኸው እኮ።»

ወሬው መሥሪያ ቤት ደረሰ፤ መቼስ ወሬ በንፋስ መውጫ ነፋስ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሄድ። በዚያ ዓመት በየተራራው ከተተከለው ችግኝ ሁሉ የተሻለ የጸደቀው የፈንታሁን ማገዶ ነው እያሉ ባልደረቦቹ አሽሟጠጡት። አለቃው በስብሰባ መካከል፣ ፊቱን ሳያፈካ፣ ልምዱን ለሌሎች ባለሙያዎች እንዲያካፍል ጠየቀው።

ፈንታሁን አኮረፈ፤ ግን ማኩረፍ እንጨት አያደርቅም። ግንቦት እያለቀ ነው። መጥረቢያ ተውሶ መፍለጥ ጀመረ። የመጀመሪያውን ሲያሳርፍ የመጥረቢያው ምላስ ከእጀታው ተፈናጥሮ መምሬ ባንተአምላክ ጎመን መካከል ዐረፈ። መምሬም አንሥተው አመጡለትና፣ ሽብልቅ መትተው አጠበቁለትና፣ ወደ ጎመናቸው ተመለሱ። አራት ቀን ፈለጠ። እጁ ውሃ ቋጠረ። ሲያበቃ ስድሳ ሁለት ፍልጥ ሆኖለት በግቢው ላይ አሰጣው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሕይወቱ የሰው ሕይወት አልነበረም። የሰኔ ሰማይ የሚታመን አይደለም፤ ጠዋት ያበራል፣ ቀትር ላይ ይጠቁራል። ፈንታሁን ቢሮ ተቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ ይደውላል። «ዳመና አለ?» ይላል። ልደት በርጩማዋን በር ላይ አድርጋ ሰማዩን እያየች ትነግረዋለች። «አለ፤ ግን የስማዳ ነው፤ ወደኛ አይመጣም» ትለዋለች፤ አንዳንዴም «ና» ብላ ትዘጋበታለች። «ና» ካለች ስብሰባም ይሁን ምንም፣ ባጃጅ ይዞ ይከንፋል፤ ስድሳ ሁለቱን ፍልጥ አንድ በአንድ መኝታ ቤት ያስገባል፤ ሲያበራ አንድ በአንድ ያወጣል። ልደት ከበርጩማዋ ላይ ሆና ታዘዋለች፦ «ያቺን ገልብጣት፤ ቀኝ ጎኗ አልሞቃትም።» እሱም ይገለብጣታል። ልደት ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች፤ እሱ ሳቋን ሲሰማ ይበረታል። ይኼ ሁሉ መከራ ለዚያች ሳቅ መሆኑን እሷ ታውቅ አታውቅ እንጃ።

የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ዕለት ሁለት ፍልጥ አንሥቶ አጋጨ። ደረቅ እንጨት ሲጋጭ ጥርት ብሎ ይጮኻል። የሱ እንጨት ግን ሊጥ እንደ መታ መዳፍ ድምፁን ዋጥ አደረገ። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል የሚለው ተረት ትዝ አለው፤ ተረት መሆኑን ረስቶ እንደ ሙያ ምክር ያዘው። ሮጦ ከጥጋቡ አንድ ሸክም ደረቅ ወይራ አመጣና ከክምሩ ፊት ለፊት ደረደረው። ከመንገድ ሲያዩት ዓይን ይስባል። ከኋላው ያለውን እሱና ፈጣሪው ብቻ ያውቃሉ፤ አሁን ደግሞ እኛ።

በማግስቱ እሜቴ ፈትለወርቅ ቤተ ክርስቲያን ስመው ተመለሱ። በዋዜማው ምሽት መጥተው አድረዋል፤ የጎረቤቱንም ሰው ገና አልተዋወቁትም። ነጠላቸውን አስተካከሉና «እስቲ እንጨትህን አሳየኝ» አሉ።

የፊቱን ረድፍ ዞር ብለው አላዩትም። ወደ ኋላ ዞሩ፣ ጎንበስ አሉ፣ ከታች ከማዕዘኑ አንዱን ፍልጥ ስበው አወጡና ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት። እንጨት አዋቂ በእጁ አያምንም፤ እጅ የለመደው ነገር ብዙ ስለሆነ ይሸነግላል፣ ጉንጭ ግን ትንሽ እርጥበት ሲነካው ይቀዘቅዘዋል።

«ይህማ ገና ነፍሱ አልወጣችም» አሉ።

«ይነዳል» አለ ፈንታሁን።

«አይነድም።»

«በሳይንስ ይነዳል።»

«እንግዲያው በሳይንስ እናንድደው» አሉና ስድስት ፍልጥ መርጠው አሸከሙት።

ማድቤቷ ከዋናው ቤት ተነጥላ ግቢው ጥግ ላይ የቆመች ጠባብ ክፍል ናት። እሜቴ ፈትለወርቅ የአራስ ቤት በር አይከፈትም ብለው በሩን ዘጉት፤ መስኮቷንም በጆንያ ወተፉ። ልደት «እኔም ልይ» ብላ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ፈንታሁን አሮጌ የስብሰባ ወረቀት ሰብስቦ ለኮሰ። ወረቀቱ ቦግ አለ። ከዚያ ፍልጦቹ ሲርር ማለት ጀመሩ፤ ጫፋቸው አረፋ ደፈቀ። ጭሱ መጀመሪያ እንደ ማፈር ብሎ ቀጠነ። ጥቂት ቆይቶ ግን ቤቱን ቤቴ አለው።

«ይህ የመጀመሪያው ጭስ ነው» አለ ፈንታሁን። «ይወጣለታል።»

ልደት ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ዓይኗን እየጠረገች ወጣች። ማዶ ያለችው ነርስ ጎረቤታቸው በአጥር በኩል አየቻት፤ «በዚህ ሆድሽ ጭስ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ» ብላ እየተቆጣች ቤቷ ወሰደቻትና ዓይኗን አጥባ አስተኛቻት። ማድቤቷ ውስጥ አማትና አማች ብቻ ቀሩ። እንባቸው እየወረደ ተያዩ። አንዱም መሸነፍ አልፈለገም። እሱ እፍ ይላል፣ እሳቸው ያያሉ፤ እሱ እፍ ይላል፣ እሳቸው ያስላሉ። በመጨረሻ እሜቴ ፈትለወርቅ አልቻሉም፤ በሩን ገፍትረው ወጡ። ፈንታሁን ከውስጥ ዘጋው። ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው ብሎ በሆዱ ተኛ፤ አፍንጫውን በበሩ ሥር ባለችው ክፍተት አውጥቶ እየተነፈሰ፣ ዞር እያለ እሳቱን እፍ ይላል። ግትርነት ዲግሪ ቢኖረው ማስተርሱን እዚያ ያገኝ ነበር።

አሁን እሜቴ ፈትለወርቅን እዩዋቸው። ነጠላቸው ከራሳቸው ወርዷል። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይንቆረቆራል። ሳሉ አላቆም ቢላቸው ደረታቸውን በጡጫ ይመታሉ። ድምፃቸው ተዘግቷል። በዚህ ጊዜ የሰፈሩ እድር ጡሩምባ ነፊ አለበል ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በበሩ አለፈ። አለበል ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሌላ እድር ጡሩምባ ነፊ ቀድሞት ለቅሶ ለፍፎ ያውቃል፤ ያ ቁጭት እስከ ዛሬ አልወጣለትም።

«ምነው እሜቴ፣ ምን ሆኑ?» አለ።

እሳቸውም ወደ ማድቤቱ እየጠቆሙ «ፈንታሁን…» ብለው ሳል አፈናቸው። እንደገና «ፈንታሁን…» አሉና ደረታቸውን መቱ። ማድቤት ሲጨስማ አይቶ የሚደነቅ ሰው የለም፤ አለበል ያየው እንባውንና ደረቱን ነው። ሦስተኛውን አልጠበቀም። ሮጠ።

ጡሩምባው ሲነፋ ፈንታሁን በሆዱ እንደተኛ ሰማው። «ማን ይሆን ምስኪን» ብሎ አዘነ። እሳቱ እንደያዘለት ሄዶ ለቅሶ ሊደርስ አሰበ።

በዓል ስለሆነ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው፤ ሰፈሩ ባንድ ጊዜ ግልብጥ ብሎ መጣ። በዚህ ሰፈር ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ሴት ውሃ ትይዛለች፣ ወንድ ከቆጡ ደረቅ እንጨት ያወርዳል። እንጨቱ ከአጥሩ ሥር እየተጣለ ይከመራል። እሜቴ ፈትለወርቅን ሴቶች ከግራና ከቀኝ ደግፈው ያዟቸው። እሳቸውም እንደምንም ብለው በተዘጋ ድምፅ፣ «አልሞተም እኮ» አሉ።

«ይቻሉት እሜቴ» አለች አንዷ እያለቀሰች። «መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንዲህ ነው የሚል።»

«አለ፤ እዚያ ነው ያለው» አሉና ወደ ማድቤቱ ጠቆሙ።

«አዎ፣ አለ፤ ከልባችን መቼ ይወጣል» ብለው አጥብቀው ያዟቸው። ሬሳውን ያየ ሰው አለ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለቅሶ ቤት ነውር ነው፤ እያንዳንዱ ሌላው አይቶታል ብሎ ያለቅሳል።

ፈንታሁን በበሩ ሥር እግር ብቻ ነው የሚያየው። ብዙ እግር አየ። የአለቃውን ቡናማ ጫማ ለየው። ከዚያ ሙሾ በማውረድ የታወቀችው ፋንቱ ድምፅዋን ስትለቅ ሰማ።

«ሲተክል የኖረ ችግኙን በጋራ፣
ምነው ተነቀለ እሱ ሳያፈራ።»

ችግኝ የሚተክል፣ ልጅ ያልወለደ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ ከሱ ሌላ ማን አለ? ሞቻለሁ ማለት ነው ብሎ አሰበ፤ ከዚያ አሳለውና አለመሞቱን አረጋገጠ። ወዲያው ዘሎ መውጣት ነበረበት። አልወጣም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ትንሽ ደስ አለው። ለወር ያህል መሳቂያ ሆኖ የከረመ ሰው ነው፤ አሁን አለቃው «ሰዓት አክባሪ ነበረ» ሲል፣ ጥጋቡ «እንደሱ ያለ የዋህ አላየሁም» ብሎ ሲንሰቀሰቅ፣ እንዴት ያቋርጣቸው? አንድ ሁለት ደቂቃ ጨመረ። ፋንቱም ቀጠለች።

«እንጨት ሲያገላብጥ ሲያሰጣ በፀሐይ፣
ሳይሞቀው ሄደ ወይ እሱ ወደ ሰማይ።»

ጥጋቡ ይህን ሲሰማ «ላጠው ብዬው ነበር፤ ፍለጠው ብዬው ነበር» እያለ ለያዥ አስቸገረ። ፈንታሁን ተናደደ። በሞቱም ዕለት ስለዚህ እንጨት ሊወራ ነው? የሚጨስ ፍልጥ በእጁ እንደያዘ በሩን በርግዶ ወጣ።

ፊቱ ጥቀርሻ፣ ዓይኑ ደም፣ ፀጉሩ አመድ። ከኋላው ጭሱ ተከትሎት ወጣ። ፋንቱ አፏን እንደከፈተች ቀረች። መምሬ ባንተአምላክ መስቀላቸውን አወጡና ወደ ፊት ዘረጉ።

«ማነው የሞተው?» አለ ፈንታሁን።

አለበል ጡሩምባውን ከጀርባው ደብቆ «አንተ ነህ» አለ።

«መቼ?»

«ከቅዳሴ መልስ።»

በዚህ መካከል መምሬ ባንተአምላክ እንባ ባቀረረ ዓይን ወደ ሰማይ ቀና አሉ። «ዛሬ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አሉ። «ሚካኤል ነው። ለዚህች ነፍሰ ጡር ብሎ ከሞት አወጣላት።» አንዲት ሴት እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። የአለቃው ባርኔጣ ከራሱ ወረደ። ሰው ሁሉ እየተሳለመ ወደ ፈንታሁን ቀረበ፤ ጥጋቡማ የሸሚዙን ጫፍ ሳመ።

ፈንታሁን ነገሩ ገባው፤ ምን እንደቀረበለትም ገባው። ዝም ቢል በቂ ነው። ከሞት ለተነሣ ሰው እንጨትህ ደረቀ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሚስቱን ከቤቱ የሚያወጣበትም አማት አይኖርም፤ ተአምር ከወረደበት ቤት አራስ ማን ደፍሮ ይወስዳል? ልደት ትቀርለታለች። ምንም መናገር አይጠበቅበትም፤ ዓይኑን ወደ ሰማይ ማንሣት ብቻ ነው። ቀና ሲል ልደትን አየ። ሁካታውን ሰምታ ከነርሷ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ነገሩን አንዲት ጎረቤት በጆሮዋ ነግራታለች። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ልትይዝ ትታገላለች፤ ዓይኗ ግን ፈርቶ እሱን እሱን ያያል። በሚካኤል ስም ዋሽቶ እሷን አጠገቡ ማስቀረት አስጠላው።

«አልሞትኩም» አለ። «ተአምርም የለም። እንጨቴ ነው ያልደረቀው።»

እልልታው ተቋረጠ።

«መምሬ ነግረውኝ ነበር፤ ጥጋቡም ነግሮኝ ነበር። እኔ አልሰማሁም። ፊት ለፊት ያለው ወይራም የማታለያ ነው፤ ትናንት ነው የገዛሁት። አማቴ ያለቀሱት በጭሱ ነው።» ወደ እሜቴ ፈትለወርቅ ዞረ። የሚጨሰውን ፍልጥ መሬት ላይ ጣለ። «አሸነፉኝ እሜቴ። ውሰዷት። ብቻ መኪናው ቀስ እንዲል ይንገሩት፤ የፊት ወንበርም ያስይዟት፤ መንገዱ ክፉ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው ፋንቱ ናት። ከዚያ ማን ያቆመው። አለቃው ባርኔጣውን አፉ ላይ ይዞ ተንፈራፈረ፤ መምሬ ባንተአምላክ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው አጥሩን ተደግፈው ሳቁ። አለበል ብቻ አልሳቀም፤ ጡሩምባ የተነፋለት ሰው ቆሞ ሲሄድ የነፊው ስም ምን ሊሆን ነው?

ሳቁ ሲበርድ ሰው ሊሄድ ተነሣ። የእንጨቱ ነገር መጣ። ለቅሶ ቤት የገባ እንጨት ተመልሶ ቤት አይገባም፤ ሞት ይጠራል ይባላል። የሞተ የለም ቢባልም የቱ ደፋር ነው የሙሾ እንጨት አቅፎ ልጆቹ ጋ የሚሄድ? አንዱ ክምሩን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ሌላውም እንደዚያው። ክምሩ በአጥሩ ቁመት ልክ ሆኖ እንዳለ ቀረ።

እሜቴ ፈትለወርቅ ወደ ክምሩ ሄዱ። አንዱን ስበው ጉንጫቸው ላይ አስጠጉ። ሌላውንም አስጠጉ። አሁን ድምፃቸው ትንሽ ተከፍቷል።

«ይህ ደርቋል» አሉ።

«የኔ አይደለም» አለ ፈንታሁን።

«የማን እንደሆነ አይቻለሁ።» ፍልጡን በቦታው መለሱት። «ወገዳ ደረቅ እንጨት አለኝ። ቆጡ እስኪጎብጥ አለኝ። አምስት ወልጄ አምስቱም በየከተማው ነው፤ ዘንድሮ ማን ይሞቀዋል ብዬ እንደፈለጥኩት አላውቅም። እኔ ቤት ጡሩምባ ቢነፋ ይህን ያህል ሰው የሚሮጥልኝ አይመስለኝም።» ነጠላቸውን ሳቡና ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ጭሱ ከወጣ ቆይቷል። «ልጄ እዚሁ ትሁን።»

ልደት እናቷን አቀፈች፤ ሆዷ ስለማያደርሳት በጎን ነው ያቀፈቻቸው። ፈንታሁን ጥቀርሻውን እንደተቀባ ቆሞ አማቱን አያቸው። ሁለት ወር ሙሉ ስለ እንጨት ሲጨነቅ የከረመ ሰው፣ እኚህ ሴት ክረምቱን በዚያ ቤት ብቻቸውን እንደሚከርሙ አንድ ቀን እንኳ አላሰበም ነበር። አፈረ፤ ላስቲኩን ከገለጠበት ቀን ይልቅ አፈረ።

«እሜቴ» አለ፣ «እርስዎም አይሂዱ። ክረምቱን እኛ ጋ ይክረሙ።»

እሜቴ ፈትለወርቅ ጎንበስ ብለው ከክምሩ ደረቅ ደረቁን እየመረጡ እቅፋቸው ላይ መደርደር ጀምረዋል። ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«ልሄድ ነው ያለህ ማነው» አሉት።